ለወንድማችን የገዛነው መፍቻ



ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ መፍቻ ነው። ርዕሱን ያዩ አንዳንዶቻችሁ ምሳሌ መስሏችሁ ይሆናል፤ ምሳሌ አይደለም፣ ብሎን የሚፈታ የብረት መፍቻ ነው። እኛ ሰባት ቤተሰብ ሆነን ረቡዕ ረቡዕ ማታ በየቤታችን እየተዘዋወርን ቃሉን የምናጠና፣ አዲስ አበባ የምንኖር የቤት ኅብረት ነን። በመካከላችን የባንክ ሠራተኛ አለ፣ መምህር አለ፣ ሱቅ ያላቸው አሉ። መኪና ያለን ሦስት ነን፤ መኪናው ሲቆም ግን ኮፈኑን ከፍተን ዝም ብለን ከማየት ያለፈ የምናውቀው ነገር የለም። እንግዲህ ለመካኒክ መሣሪያ ልንገዛ የተነሣነው እንዲህ ያለን ሰዎች ነን።

መካኒኩ ወንድማችን ነው። ስሙን አንጠቅስም፤ ይህን ጽሑፍ ግን አስቀድሞ አንብቦታል፣ ሁለት ቦታ ላይም አርሞናል። ከቴክኒክና ሙያ ከተመረቀ በኋላ አራት ዓመት በሰው ጋራዥ ሠርቷል። ጋራዡ ሲዘጋ ሙያው እሱ ጋ ቀረ፣ መሣሪያው ግን የባለቤቱ ነበርና አብሮ ሄደ። የድሮ ደንበኞቹ እየደወሉ “ና እስቲ እየው” ይሉታል። እሱም ከአንድ ጓደኛው መፍቻ ይዋሳል፤ ጓደኛው ቀን ቀን ራሱ ስለሚሠራበት የሚያገኘው ከመሸ በኋላ ነው። በስልክ መብራት መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ አይተነዋል።

አንድ ረቡዕ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6ን እያጠናን ነበር። የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጡ የአንዱ የምሳሩ ብረት ወልቆ ውኃ ውስጥ ይገባል። ሰውየው ለኤልሳዕ የጮኸው ብረቱ ስለጠፋ ብቻ አልነበረም፤ የተዋሰው ስለነበረ ነው። ይህን ስናነብ ወንድማችን ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን አቆመ። “ትናንት የጓደኛዬ አሥራ ሁለት ቁጥር ጠፍቶብኝ እስከ ስድስት ሰዓት ሌሊት ስፈልግ ነበር” አለን። ምሳሩን ያንሳፈፈው አምላክ ያንንም እንዳገኘለት ነገረን፤ ባትሪው ሥር ወድቆ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ሣጥን ሙሉ መሣሪያ ልንገዛለት ወሰንን። ከእኛ አንዷ ዘዳግም 24፥6ን አወጣች። እግዚአብሔር የሰውን ወፍጮ ወይም መጁን በመያዣ መውሰድን የከለከለበት ክፍል ነው፤ የሰውየው ነፍስ በዚያ ላይ ናትና። ሁላችንም አሜን አልን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ ተዋጣ። እስከዚህ ድረስ ያደረግነው ሁሉ መልካም እንደነበር አሁንም እናምናለን።

ቅዳሜ ከመካከላችን ሦስቱ መርካቶ ወረዱ። ወንድማችንን አልጠራነውም፤ ሳያስበው እንዲደሰት ፈልገን ነበር። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። በውስጡ እያንዳንዱ ብረት በቦታው ተሰድሮ እንደ መስተዋት ያበራል። “108 ቁራጭ ነው፣ ኦርጅናል ነው፣ ክሮም ቫናዲየም ነው፣ ይኸው ተጽፎበታል” አለን ልጁ። እውነትም ተጽፎበታል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። ከተዋጣው ገንዘብ ሲሶው ተርፎ ወደ ኅብረቱ ካዝና ተመለሰ፤ ይህንንም እንደ መልካም መጋቢነት ቆጠርነው።

ረቡዕ ማታ ሣጥኑን መሐል ጠረጴዛ ላይ አኑረን ጸለይንበት። ወንድማችን አለቀሰ። ፎቶ ተነሣን፤ ፎቶውም በቴሌግራም ቡድናችን ላይ ወጥቶ ብዙ አሜን ተጻፈለት።

ሦስት ሳምንት ገደማ አለፈ። የጌታ እራት በምንካፈልበት እሑድ ጽዋው ሲደርሰው በግራ እጁ ተቀበለ። ቀኝ እጁን ከጃኬቱ ኪስ አላወጣም። ይህን ያዩት እማማ ናቸው፤ እማማ የምንላቸው በኅብረታችን በዕድሜ ትልቋ እናት ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም፣ ዓይናቸው ግን ምንም አያልፈውም። ሲወጣ ጠብቀው፣ “ልጄ፣ እስቲ እጅህን አውጣ” አሉት። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ በአንድ ላይ ተጠቅልለዋል። “ትንሽ ነገር ናት እማማ፣ ወድቄ ነው” አላቸው። እማማ ዝም ብለው ቆሙ። ዝም ብለው ሲቆሙ ሰው እውነቱን ይነግራቸዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። የአንድ ኮሮላ ሞተሪኖ እያወረደ ነበር። ሞተሪኖውን የያዘው ባለ 14 ቁጥር ብሎን ዝጎ ጠንክሯል፤ ቦታው ጠባብ ነው፣ ራሱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከማየት በቀር እጅ በደንብ አይንቀሳቀስም። እንዲህ ላለ ቦታ የሚሆነው ራቼት ነው፤ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዙት ክርክር እያለ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞረው፣ ከብሎኑ ላይ እያነሣችሁ መልሳችሁ መግጠም የማያስፈልጋችሁ መፍቻ ማለት ነው። ኃይሉን ሁሉ ሰጥቶ ሲገፋ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ጥርስ ከዳ። እጀታው በባዶ ሄደ፤ እጁም አብሮ ሄዶ ከብረት ጠርዝ ጋር ተጋጨ። የቀለበት ጣቱ አጥንት ተሰበረ። ጤና ጣቢያ ታስሮለት፣ በማግስቱ በአንድ እጁ የጓደኛውን መፍቻ ተውሶ ሥራውን ጨረሰ። ለእኛ ግን አልነገረንም።

እማማ ይህን ሰምተው ወደ እኛ ዘወር አሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ “ልጆቼ፣ ለራሳችሁ መኪና ቢሆን ይህንኑ ትገዙ ነበር?”

መልስ አልነበረንም። ያሳፈረን ደግሞ ጥያቄው ብቻ አልነበረም። በዚያው ወር ለአጥቢያችን መዘምራን ኪቦርድ እንድንገዛ እኛው ነበርን የተላክነው። ለኪቦርዱ ሁለት ሳምንት ዞረናል። አራት ሱቅ አይተናል። ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ ይዘን ሄደን እያንዳንዱን ቁልፍ እንዲነካው አድርገናል፣ ስለ ዋስትናው ጠይቀናል፣ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ሄደናል። በመድረክ ላይ የሚታይ ነገር ነበረና! ወንድማችን በመኪና ሥር ተኝቶ ለሚይዘው መሣሪያ ግን ግማሽ ሰዓት በቃን፤ ገንዘብም ተረፈን።

በሚልክያስ 1፥8 እግዚአብሔር ዕውሩንና አንካሳውን ለመሠዊያ ያመጡትን ካህናት ለገዥያችሁ አቅርቡት፣ ደስ ይለው እንደሆነ እዩ ይላቸዋል። ይህን ክፍል ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሰብከነዋል፤ ሁልጊዜም የምናወራው ስለ አሥራትና ስለ ዝማሬ ጥራት ነበር። እኛ ለመሠዊያው አንካሳ አላቀረብንም፤ ለመሠዊያው ያቀረብነው ምርጥ ኪቦርድ ነው። አንካሳውን የሰጠነው ለወንድማችን ነው። ማቴዎስ 25 ባይኖር ኖሮ በዚህ ልናመልጥ እንችል ነበር።

ማክሰኞ ማታ ቤቱ ሄድን። ይቅርታ ልንጠይቅ ሄደን እሱ ከእኛ በላይ አፈረ። “የሰጣችሁኝን ነገር እንዴት ክፉ ነው እላለሁ?” አለን። “ጸልያችሁበታል እኮ።” ከሁሉ ይልቅ የወጋን ይህ ነው። ስጦታችን መጥፎ መሆኑ ሳያንስ አፉንም ዘግተንበት ነበር። መጀመሪያ ቀን ሣጥኑን ሲከፍተው እንዳወቀ ኋላ ነገረን፤ በእጁ ሲይዘው ጥርሱ ልፍስፍስ እንዳለው፣ ግን ሁላችንም ቆመን እያየነው፣ ፎቶ እየተነሣ፣ ምን ይበል? ያለቀሰው ግን እውነት በደስታ እንደነበር ደጋግሞ አረጋግጦልናል። እኛም እናምነዋለን፤ ቢሆንም ያን ፎቶ ከቡድኑ ላይ አንሥተነዋል።

የጥፋቱ ድርሻ የእሱም እንደሆነ እንድንጽፍ ጠይቆናል፤ ካረመን ሁለት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። መፍቻ ወደ ራስ ይሳባል እንጂ አይገፋም፤ ቦታው መግፋትን ግድ ካለ ደግሞ በተዘረጋ መዳፍ ነው፣ ቢያመልጥ ጣት እንዳይመታ። ይህን ያውቅ ነበር፤ ቸኩሎ ነው። ደግሞም ዝገት የያዘው ብሎን መጀመሪያ የሚላቀቀው በራቼት ሳይሆን በውስጡ ጥርስ በሌለው፣ ረጅምና ድፍን በሆነ ዘንግ ነው፤ ራቼቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። በ108ቱ ቁራጭ ውስጥ ያ ዘንግ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ማታ ራቼቱን በትንሽ ካቻቢቴ ፈታልን። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጭንቅላቱን ከፈተው። ዙሪያውን ጥርስ ያለው ትንሽ የብረት ቀለበት አለ፤ ከጎኑ ደግሞ በሞላ እየተገፋ ጥርሱን የሚይዝ አንድ ምላስ የመሰለ ብረት አለ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ምላሱ ጥርሶቹን እየዘለለ ያልፋል፣ ክርክር የሚለው ድምፅ ያ ነው፤ ወደ ሌላው ሲዞር ግን ይቆልፋል። የእኛዋ ምላስ ጫፏ ተድጧል፣ ሦስት ጥርስም ተሸርፏል። ከላይ ያለው ክሮም ግን አሁንም ያበራል። ፊታችን በእጀታው ላይ ይታየን ነበር።

ጣቱ ሲድን፣ ከሌላው ገንዘብና ወደ ካዝና ከመለስነው ሲሶ ጋር፣ እንደገና ወረድን። በዚህ ጊዜ እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ፣ ቀጥሎ ምናለሽ ተራ። አንድ ነገር ከቤት በኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር፦ አንድ ብሎን ከነዳዶው። ለምን እንደሆነ አልገባንም ነበር።

ሱቅ ሲገባ ዋጋ አይጠይቅም። ራቼቱን ያነሣል፤ ሶኬቱን፣ ማለትም ብሎኑ ራስ ላይ የሚገባውን ቀለበት፣ ይሰካበታል። ከዚያ ያንን ብሎን ከኪሱ አውጥቶ ዳዶውን በጣት እንዲዞር አድርጎ ላላ ያደርገውና ራቼቱን ያወዛውዛል። መጥፎው ራቼት ወደ ኋላ ሲመለስ ዳዶውንም ይዞት ይመለሳል፤ ያዞረውን መልሶ ይፈታል፣ እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ብትወዘውዙት ሥራው አያልቅም። ጥሩው ግን በለስላሳው ክርክር ብሎ ይመለሳል፣ ዳዶው ከቦታው አይነቃነቅም። በዚህች አንዲት ፈተና ብቻ ስድስት የሚያበሩ ራቼቶች ሲወድቁ አየን። ሻጮቹም ከእኛ ጋር ሆነው ያዩ ነበር፤ አንዱ ብሎኑን እንዲሸጥለት ጠየቀው።

እኛ ሣጥኑን ስንገዛ የቆጠርነው ቁራጩን ነበር፤ እሱ የሚጠይቀው ስለ ጥርሱ ነው። 24 ጥርስ ያለው ራቼት አንድ ጥርስ ለመያዝ 15 ዲግሪ መወዛወዝ አለበት፤ 72 ጥርስ ያለው ግን 5 ዲግሪ ይበቃዋል። እጅ በማይዘረጋበት ጠባብ ቦታ ይህ ልዩነት ብሎኑ ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለውን ይወስናል። “እንግዲያው 72ቱን ግዛና እንሂድ” አልነው። ሳቀብን። ጥርስ ሲበዛ እያንዳንዱ ጥርስ ይቀጥናል፤ ብረቱ መናኛ ከሆነና ምላሱ በአንድ ጊዜ ብዙ ጥርስ አብሮ የማይዝ ከሆነ፣ ብዛቱ ቶሎ ለመክዳት ነው። የከዳው የእኛው ራቼት 72 ጥርስ ነበረው! መምህሩ ወንድማችን ይህን ሲሰማ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የምናስታውሰው በእሱ ደብተር ነው።

ለሞተር ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በ3/8 ኢንች የሚገጥመውን ነው፤ ለጎማና ለትልልቅ ብሎን 1/2 ኢንች፤ 1/4 ኢንቹ ለዳሽቦርድና ለትንንሽ ነገር ነው፣ ሊቆይ ይችላል። ሶኬቶቹን ባለ ስድስት ማዕዘን ብቻ መረጠ፤ ባለ አሥራ ሁለቱ በቀላሉ ቢገጥምም የጠነከረ ብሎን ላይ ማዕዘኑን እየበላ ያንሸራትታል። ከ8 ጀምሮ እስከ 21 ያለውን ሁሉ አልገዛም፤ እሱ የሚሠራባቸው በብዛት የጃፓን መኪናዎች ስለሆኑ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19ን በደንብ፣ ለጎማ ደግሞ 21ን። አቅጣጫ የሚቀይረውን ትንሽ ምላስ በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ይገፋል፤ በራሱ የሚንሸራተት ከሆነ ያስቀምጠዋል። ክሮም ቫናዲየም የሚለውን ጽሑፍ አንዴም ሲያነብ አላየነውም።

3/8ቱን አዲስ ገዛ። 1/2ቱን ያገኘው ግን ምናለሽ ተራ፣ በዛጉ ብረቶች ክምር ውስጥ ነው። ክሮሙ ተልጦ አልቋል፣ የድርጅቱ ስም በመጥፋት ላይ ነው፣ እጀታው ከብዙ ሰው መዳፍ የተነሣ ለስልሷል። በጨርቅ ጠርጎ ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዞረው። ፊቱ ሲበራ አየን። ሻጩ ለአሮጌ ብረት የማይባል ዋጋ ጠራ። ከመካከላችን አንዱ እንደ ልማዳችን ክርክር ሊጀምር ሲል፣ ወንድማችን ክንዱን ይዞ፣ “ተው ጋሼ፣ ዋጋው ነው” አለው። ከፈልን።

በዚያው አሮጌ ራቼት ጀርባ ላይ ስትጫኑት ሶኬቱን የሚለቅ ትንሽ ቁልፍ አለ። በቅባት እጅ ሶኬት መንቀል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያየ ሰው ዋጋዋን ያውቃል። ከዚህ ዓይነቱ አንዱን የፈለሰፈው በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ፒተር ሮበርትስ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ነበር፤ የሲርስ መደብር ሠራተኛ ነበር። ድርጅቱ ብዙም አይሸጥም ብሎ መብቱን ቢበዛ በ10,000 ዶላር ገዛው። ራቼቱ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ሮበርትስ ከሶ ለብዙ ዓመታት ሲሟገት ኖሮ በ1989 በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ የባንክ ሠራተኛው ወንድማችን ይህን ሲያጫውተን ያዕቆብ 5፥4 ያልተከፈለው የሠራተኞች ደመወዝ ይጮኻል የሚለው ትዝ አለን። ወንድማችን ግን ያሰበው ሌላ ነበር፤ “አሥራ ስምንት ዓመቱ?” ብሎ ቁልፉን እየተጫነ እየለቀቀ ሄደ።

የመጀመሪያው ሣጥን ምን ይሁን የሚለው ትንሽ አከራክሮናል። አንዳንዶቻችን ሸጠን የተወሰነውን ገንዘብ እናስመልስ አልን። እሱ፣ “እኔን የመታኝን ለማን ልሽጠው?” አለ፤ ክርክሩ በዚያው አለቀ። የሚሆኑትን ትንንሽ ሶኬቶች ለይቶ ወሰደ። የከዳው ራቼት አሁን የኅብረቱ ገንዘብ ያዥ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ይጭናል። ስጦታ ለመግዛት ስንሰበሰብ እዚያው ነው።

የቀለበት ጣቱ አሁንም እስከ መጨረሻው አይታጠፍም። ለሥራው ብዙ አያስቸግረኝም ይላል። ብርድ ሲሆን ግን ሲያሻሸው እናየዋለን።

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስቱ መኪኖቻችን አንዷን ሊሠራ መጥቶ ነበር። መሬት ላይ ጨርቅ አነጠፈ፣ ሶኬቶቹን በተራ ደረደረ፣ አሮጌውን ራቼት በዘይት ጠብታ አርጥቦ ሥራ ጀመረ። ሲጨርስ አንድ በአንድ እየቆጠረ መለሰና ቆም አለ። አሥር ቁጥር የለም። ሁልጊዜ የምትጠፋው እሷ ናት አለ፣ መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ እመቤቶቹ፣ ልጆቹም ሳይቀሩ በጉልበታችን ተንበርክከን መኪናው ሥር በስልክ መብራት ፈለግን። እማማ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ “ከጎማው ጀርባ እዩ” ይላሉ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንዲት የስምንት ዓመት ልጃችን ከሞተሩ ሥር ካለው መሸፈኛ ላይ አገኘችው። ሶኬቱን ከፍ አድርጋ ስትጮኽ ጎረቤቶች ምን ሆናችሁ ብለው በአጥር ላይ አዩን። እማማ ቡና ይፈላ አሉ።